ደሴቱ አንድ፣ አማካሪዎቹ ሁለት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐዋሳ የምኖር የሕግ መምህርት ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የዶክትሬት ትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። ግማሹን ጊዜ እዚህ፣ ግማሹን አውሮፓ ነው የማሳልፈው። ርዕሴ የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ታሪክ፣ ቅርስና የሕግ ሥርዓት ነው። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መካከል ካሉት ከእነጀርዚና ገርንዚ ደሴቶች ጋር ላነጻጽር አስቤያለሁ። የዚህኛው አማካሪዬ የታሪክ ሰው ናቸው፤ «ብራናው ላይ አተኩሪ» ይሉኛል። የዚያኛዋ የሕግ ምሁር ናቸው፤ «ተቋማቱን ተንትኚ» ይሉኛል። ሁለቱንም ላስደስት ስል ርዕሴ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። የስምምነቱ ወረቀት ገና አልተፈረመም። ምን ላድርግ? ለመሆኑስ ያን ያህል የተራራቀ ደሴት ይነጻጸራል?
የሐይቅ ዳር መምህርት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ያነበብኩት አሞራ ገደል ቁጭ ብዬ ዓሣዬ እስኪጠበስ ስጠብቅ ነው። የመጨረሻው ጥያቄሽ ስለያዘኝ ከእሱ ልጀምር።

አዎ፣ ይነጻጸራል። ግን «ደሴትና ደሴት» ብለሽ አይደለም። አንድ ጩኸት ይዘሽ ነው።

በ1204 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን ኖርማንዲን በፈረንሳዩ ንጉሥ ተነጠቀ። እነጀርዚና ገርንዚ ግን በእሱ እጅ ቀሩ። የኖርማንዲንም የልማድ ሕግ ይዘው ቀሩ። እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ዘውድ ግዛት ናቸው እንጂ የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደሉም። እዚያ ዛሬም ያልተሻረ አንድ ሥርዓት አለ። ሰው ርስቱ ላይ ሲደርስበት ያየ ባለቤት በምስክር ፊት ይንበረከካል። «ሃሮ! ሃሮ! ሃሮ! ልዑሌ ሆይ ድረስልኝ፣ በደል እየተፈጸመብኝ ነው» ብሎ በፈረንሳይኛ ይጮኻል። ያኛው ወገን እጁን መሰብሰብ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት እስኪታይ ድረስ ሥራው ይቆማል።

ይህን ሳነብ እኔ ትዝ ያሉኝ አያቴ ናቸው። ድንበር ተገፍቶባቸው «በሕግ አምላክ!» ሲሉ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ድንበሩን የሚገፋው ጎረምሳ መጥረቢያውን እንዳነሳ ቆመ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ደግሞ በንጉሥ አምላክ ይባል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ የምንለው ያንን ነው።

አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩሽ አይደለም። በፍጹም እንዳትጽፊው። እኔ የምልሽ ሌላ ነው፦ ፖሊስ አጠገብ ሳይኖር ቃል ብቻውን ሰውን እንዴት ያቆማል? ደሴት ላይ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። ዳኛው ከውሃ ማዶ ነው። ማዕበል ሲነሳ ጀልባ አይወጣም። የተጣሉት ሰዎች ግን ነገም በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ታዲያ ማን ያስታርቃል? ማን ይመሰክራል? ውሳኔው የት ይቀመጣል? የመመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚህ ጀምሪ። አንድ የድንበር ወይም የውርስ ክርክር ያዢ፤ ከሥር እስከ ጫፍ ተከተይው።

እንዲህ ካደረግሽ አማካሪዎችሽ የተጣሉ የመሰለሽ ነገር ራሱ ይፈታል። የሀገራችን ብራና የጸሎት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ ይጻፋል፣ ሽያጭ ይጻፋል፣ የገዳሙ ንብረት ይዘረዘራል፣ የምስክር ስም ይሰፍራል። ወንጌሉ መዝገብ ቤትም ነበር። ስለዚህ አንዱ «ብራናው»፣ ሌላዋ «ተቋሙ» ሲሉሽ ምናልባት የሚያወሩት ስለ አንድ ገጽ ነው። ያንን ገጽ አግኝተሽ ሁለቱም ፊት አስቀምጪው።

ዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ደብረ ጽዮንም ይባላል። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው 70 ዓመት እዚያ እንዳቆዩት ትውፊቱ ይናገራል። ይህን እንደ ትውፊት ጻፊው እንጂ አታቃልይው፣ እንደ ተረጋገጠ ታሪክም አታቅርቢው። ሕዝቡ ራሱን የሚያውቀው በዚህ ታሪክ ነው። ያ ለሕግ ጥናትሽ ትልቅ ነገር ነው። አደራ የተቀበለ ማኅበረሰብ ንብረትንና መሐላን እንዴት ይይዛል ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ቋንቋውንም አትርሺ። የደሴቶቹ ሰዎች የሚናገሩት ዛይኛ ከስልጤኛና ከሐረሪ ቋንቋ ጋር የሚቀራረብ ሴማዊ ቋንቋ ነው። አማርኛ ይዘሽ ብትሄጂ ያናግሩሻል። የዕርቅ ቃላቱ ግን በአስተርጓሚ አይገኙም። ከሐዋሳ የሐይቁ ዳር ከተማ ባቱ ሩቅ አይደለም፤ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፈሽ ከሰዓት በፊት ትደርሻለሽ። አውሮፓ ከመሄድሽ በፊት ጥቂት ወራት እየተመላለስሽ ተማሪ።

የሕጉ ታሪክ ደግሞ ራሱ ድራማ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ደንብ ሻረ። በወረቀት ላይ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ዋርካ ሥር መቀመጣቸውን አልተዉም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34(5) በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ተቀበለ። ኦሮሚያ ክልልም በ2013 የባህል ፍርድ ቤቶችን የሚያውቅ አዋጅ አወጣ። ደሴቶቹ ያሉት በዚያ ክልል ነው። የተሻረው ነገር በሌላ በር ሲመለስ ምን ሆኖ ተመለሰ? እኔ ብሆን እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ እለምንሻለሁ፣ ቸል አትበዪ።

እኔ የተማርኩት ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን ውጭ ሀገር በሚያስተምሩበት በሳንድዊች ፕሮግራም ነው። የተማርኩባቸውን ቦታዎች አልጠራም። አንዱ አማካሪ የግእዝ ጽሑፉን አርሜና ተርጉሜ እንዳቀርብ ፈለጉ። ሌላው የመሬት ይዞታ ታሪክ ፈለጉ። የጽሑፉ መልክ ምን እንደሚሆን የትም አልተጻፈም ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ምዕራፍ አውጥቼ ጣልኩ። 14 ወር ባከነብኝ። ባለቤቴ በዚያ ጊዜ ብቻዋን ሁለት ሕፃን ታሳድግ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ፈረንሳዮች ኮቱቴል የሚሉት የጋራ ዶክትሬት ዓይነት አለ። አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት አማካሪ፣ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት የምትከላከዪበት አንድ የመከላከያ ቀን ነው። ሁሉም ነገር የሚቆመው ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ አንድ ተማሪ በሚፈራረሙት ስምምነት ላይ ነው። ያንቺም በዚህ ስም ባይጠራ እንኳ እነዚህን ነገሮች አስጽፊ። በየት ሀገር ስንት ወር ትቆያለሽ? ክፍያው ለማን ነው? ጽሑፉ በምን ቋንቋ ይጻፋል? መከላከያው የት ነው፣ ፈታኞቹን ማን ይመርጣል? ዲፕሎማው አንድ ነው ወይስ ሁለት? አማካሪዎቹ ካልተስማሙ ማን ይወስናል? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል። አትፈሪ፣ ጠይቂ። ዲግሪው እዚህ አቻ ግምት የሚያስፈልገው ከሆነም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድመሽ አጣሪ።

ሁለቱን አማካሪዎች በአንድ የቪዲዮ ስብሰባ አገናኚያቸው። ለየብቻ እያናገርሽ መልእክተኛ አትሁኚ። አምስት ገጽ ብቻ ላኪላቸው፤ ያንን አንድ ክርክርና ያንን አንድ ገጽ። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ደሴት ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ብራናዎችን በስልኬ አንስቼ ለጽሑፌ ልጠቀም አስቤ ነበር። ፈቃድ ያስፈልገኛል?
ከአዳማ

መልስ፦ ያስፈልግሃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥናት በፈቃድ ነው የሚካሄደው። ከትምህርት ክፍልህ ደብዳቤ አጽፍና ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ሂድ። ከዚያ የሀገረ ስብከቱን፣ በመጨረሻም የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቅ። ደብዳቤ ስላለህ ብቻ «ክፈቱልኝ» አትበል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጣና ላይ አንድ አባት መጽሐፉን ከማውጣታቸው በፊት «ያ ከአንተ በፊት የመጣው ልጅ ፎቶውን አመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አንተስ መቼ ታመጣዋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀን ቆረጥኩላቸው። በፋሲካ ማግስት ፎቶዎቹን አትሜ፣ በጥራዝ አስጠርዤ ወሰድኩላቸው። አንተም ከመሄድህ በፊት የማተሚያውን ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ።