የተከለለ የባሕር ዳርቻና ካይት ሰርፊንግ

ጥያቄ፦ ልጆች የሚዋኙበት፣ በኮረብታ የተከለለ ጸጥተኛ የባሕር ዳርቻ ካይት ሰርፊንግ (በገመድ በተያዘ፣ ነፋስ በሚያበረው ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ማለትም በካይት እየተጎተቱ፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ በውኃ ላይ መንሸራተት) ለመጀመር ይመቻል ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥልቀት የሌለውና ማዕበል የማይበዛበት ውኃ ለጀማሪ በእርግጥ ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ውኃውን ጸጥ ያደረገው ያው ኮረብታ ነፋሱን ስለሚቆራርጠው፣ ካይቱ ድንገት ኃይል አጥቶ ሊወድቅ ወይም ባልታሰበ ጉልበት ሊጎትትዎ ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ከዳር ለሚያየው ለስላሳ ቢመስልም መቆጣጠር ያቃተውን ሰው ወደ ጥልቁ ይዞት ይሄዳልና፣ የነፍስ አድን ጀልባ በሌለበት ፈጽሞ አይግቡ። የሚሻለው ከባሕሩ ወደ ዳርቻው በሰያፍ የሚነፍስ፣ በሰዓት ከ22 እስከ 35 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ፣ የማይዋዥቅ ነፋስ ነው። የካይቱ ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚረዝሙ፣ ከዋናተኞቹ ርቀው፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሰው በሌለበት ስፍራ ይለማመዱ።