ስልጠና ለሌላት አስታማሚ መጀመሪያ ምን ይታያት?

ስትሮክ የመታቸውን እናትሽን ለምታስታምመው ልጅ መጀመሪያ ምን ላሳያት ብለሻል። ማገላበጥ ነው፤ በአንድ ጎን ብዙ ተኝተው ቆዳቸው እንዳይቆስል። ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር።

1. ጎትታ አታንቀሳቅሳቸው። ሁለት ሆናችሁ አንሶላውን ይዛችሁ አንሷቸው። መጎተት ቆዳ ይልጣል።
2. ጉልበታቸው መሀል ትራስ ይግባ። ከባታቸው ሥር ሌላ ትራስ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ።
3. ሲበሉ ቀና ይበሉ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ አይተኙ።

የባሕር ዳር ሙቀት ያልባል፤ የረጠበ አንሶላ ወዲያው ይቀየር። መርፌ መውጋት የእሷ ሥራ አይደለም። ለቀጠሮ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስትሄዱ እሷንም ይዛችኋት ሂዱ፤ ነርሷ በእጇ እያስያዘች ታሳያት።

አንድ ነገር ግን አደራ። አባቴ ወገባቸው ላይ የ1 ብር ሳንቲም የምታክል ቅላት ስትወጣ በቅቤ አሸንላቸው። በሳምንቱ ቁስል ሆነች። በጣትሽ ስትጫኚው የማይነጣ ቅላት ካየሽ አትሺው፤ በዚያ ጎን አይተኙ፣ ቶሎ ለነርስ አሳዪ።