ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ሰፈር ድመት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ጓሮ መቆፈር ከተጀመረ ወዲህ ከጎንደር ልዩ ልዩ ሰፈሮች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያጠነጥኑ ናቸው፤ እርሱም የጎረቤት ድመት በአትክልት መደብ ላይ መጸዳዳቷ ነው። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ሰላጣና ቆስጣ የዘራሁበትን መደብ ድመቶች ሌሊት ሌሊት እየጫሩ ይጸዳዱበታል። የሎሚ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ በመጨረሻም በርበሬ በተንሁበት፤ ለጥቂት ቀን የተዉት መስለው ይመለሳሉ። ጤናዳም ትከል ያሉኝም አሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ድመት ዓይነ ምድሯን የምትቀብር እንስሳ በመሆኗ፣ ለመጸዳዳት የምትመርጠው በጥፍሯ በቀላሉ የሚጫር፣ ደረቅና ባዶ አፈር ነው። እርስዎ ድንጋዩን ለቅመው፣ ጓሉን አድቅቀው ለዘር ያለሰለሱት መደብ ለእርሷ ከዚህ የተሻለ የማይገኝለት ቦታ ነው። ስለዚህ ድመቷን በጠረን ለማባረር የሚያጠፉትን ድካም መሬቱን ለመጫር የማይመች ወደማድረግ ቢያዞሩት ያዋጣዎታል። የሎሚ ልጣጭም ሆነ የቡና አተላ ጠረኑ እስካለ ድረስ ጥቂት ያግድ ይሆናል እንጂ፣ ፀሐይ ሲያደርቀውና ውኃ ሲያጥበው ከንቱ ይሆናል፤ አተላውን ውሻም ሆነ ድመት ከበላው ደግሞ በውስጡ ባለው ካፌይን ሊታመም ይችላል። በርበሬውን ግን ጨርሰው ይተውት። ድመት መዳፏን በምላሷ ስለምታጸዳ ቃጠሎው ወደ አፏና ወደ ዓይኗ ይገባል፤ ነፋስ ሲነሣም የልጆችዎን ዓይን አይምርም። ጤናዳሙን ቢተክሉት ለቡናዎ ይሆናል፤ በእርሱ ብቻ ግን መደብ አይጠበቅም። በፀሐይ ሲቆርጡት ፈሳሹ ቆዳ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ ውኃ የሚቋጥር ቁስል ያወጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያለውን ዓይነ ምድር በዙሪያው ካለው አፈር ጋር በአካፋ ዝቀው ያስወግዱ፤ ድመት የቀድሞ ጠረኗን ተከትላ ወደዚያው ቦታ ትመለሳለችና። ከዚያም ለዶሮ ቤት የሚያገለግለውን፣ ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ መረብ በመደቡ ላይ ዘርግተው ጠርዙን ወደ መሬት ይቅበሩት ወይም ድንጋይ ይጫኑበት። ቡቃያው በቀዳዳው ያልፋል፤ ድመቷ ግን ለመጫር መዳፏን ስታሳርፍ ከአፈሩ በፊት ሽቦውን ስለምታገኝ ትታው ትሄዳለች። ሽቦ መግዛት ለከበደው ሰው የቀጋ ወይም የአጋም ቅርንጫፍ ቆርጦ በመስመሮቹ መካከል ማጋደም ያንኑ ሥራ ይሠራል። እኔ በበኩሌ ለትንሽ መደብ ቀጋን እመርጣለሁ፤ አጥር ሲከረከም ያለ ወጪ ይገኛልና። ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆች ባሉበት ግቢ ግን ሽቦው ይሻላል። እሾህም ሽቦም ካልተመቸዎት አጫጭር እንጨቶችን ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት ይትከሉ፤ ድመት ለመጸዳዳት ዞር ዞር ብላ መቀመጥ ስላለባት ቦታው ይጠባታል።

እርጥብ አፈርም ድመትን አይስባትም። በሌላ አገር የእንስሳ እንቅስቃሴ ሲሰማው ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ይሸጣል፤ ውኃ በፈረቃ በምናገኝበት ከተማ ይህን መምከር ቀልድ ስለሚሆን አልፈዋለሁ። አትክልት የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልነካውን ውኃ ማታ ማታ መደቡ ላይ ማርከፍከፍ ግን ለቡቃያውም ለዚህም ጉዳይ ይጠቅማል። ቅጠሉ ሰፍቶ መሬቱን ሲሸፍን ችግሩ በአብዛኛው በራሱ ይቃለላል፤ እሾሁንም ሆነ ሽቦውን የሚፈልጉት እስከዚያው ነው።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ በድመቶቹ ምክንያት ጓሮ እንዳልገባና ድመት እንዳልነካ ከልክለውኛል። ሥጋታቸው እውነት አለው ወይስ አጉል ፍርሃት ነው?

መልስ፦ አማትዎ በዋናው ነገር አልተሳሳቱም። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት ከተያዘች ተሕዋሱ ወደ ፅንሱ ተላልፎ ውርጃ ወይም በሕፃኑ ዓይንና አንጎል ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ከእርግዝና በፊት ተይዛ የነበረች ሴት ግን ሰውነቷ መከላከያ ስለሚያዳብር ፅንሷ በአብዛኛው አይጎዳም። የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው ይህን በስሜት መለየት አይቻልም፤ በእርግዝና ክትትልዎ ላይ ለሐኪምዎ ቢያነሡት ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይነግሩዎታል። የሰውነታቸው የመከላከል አቅም በሕመም ወይም በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎችም ይህንኑ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።

ድመቷን መዳሰስ ግን ዋናው የመተላለፊያ መንገድ አይደለም። ድመት ተሕዋሱን የምታስወጣው በአብዛኛው መጀመሪያ በተያዘችበት ጊዜ፣ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው፤ የወጣውም ቢሆን ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከድመቷ ይልቅ አፈሩን መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። እስኪወልዱ ድረስ መኮትኮቱንና ማጽዳቱን ሌላ ሰው ይሥራልዎት፤ የግድ ከሆነ ጓንት ያድርጉ፤ ከጨረሱም በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል እያሹ በሚወርድ ውኃ ይጠቡት። ሎሚ፣ ኮምጣጤም ሆነ የክሎሪን ጠብታ ይህን ተሕዋስ አይገድለውም፤ የሚያስወግደው እሽታውና ውኃው ነው። ጎመንና ቆስጣ በደንብ ከበሰሉ ሥጋት የለባቸውም።

አማትዎ ምናልባት ያላነሡትን አንድ ነገር ልጨምር። በጥሬ ሥጋም ይኸው ተሕዋስ ይተላለፋል። ጓሮውን ፈርታ ከርማ ለፋሲካ ቁርጥና ያልበሰለ ክትፎ የምትበላ ነፍሰ ጡር በአንደኛው በር ያስወጣችውን በሌላው እንደማስገባት ይቆጠርባታል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ለቤት ሥራ ያስገለበጥነው አሸዋ በር ላይ ተከምሯል። ቀን የሁለት ዓመት ልጃችን ይጫወትበታል፤ ማታ ድመቶች ይጸዳዱበታል።

መልስ፦ ይህ ከአትክልቱ መደብ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከላይ ከተጠቀሰው ተሕዋስ ሌላ የድመት ወስፋት እንቁላል በአሸዋ ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ ሰውን ለመያዝ ይበቃል፤ እጁን ወደ አፉ የሚያደርግ ሕፃን ከዋጠው የሚፈለፈለው እጭ በሰውነቱ ውስጥ እየተዘዋወረ ጉበትን፣ ሳንባን አልፎ አልፎም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ክምሩን ሁልጊዜ ማታ በሸራ ወይም ተተርትረው በተሰፉ የማዳበሪያ ከረጢቶች ሸፍነው ዙሪያውን ድንጋይ ይጫኑበት። ድመቶቹ እስካሁን የተጠቀሙበት አሸዋ ለግድግዳው ልስን ይሁን፤ ለልጁ ከአዲሱ ጥቂት ለይተው ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡለት።

ጥያቄ (ከፒያሳ አካባቢ)፦ የአይጥ መርዝ በሥጋ ለውሶ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ናፍታሊን መበተን ወይም በረኪና ማፍሰስ መፍትሔ ነው ይሉኛል።

መልስ፦ ሦስቱንም አያድርጉ። የተመረዘ ሥጋ የታለመለትን እንስሳ ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ውሻም፣ ዶሮም፣ ሕፃንም ያገኘዋል፤ የሞተውን ጥንብ የበላው ጥንብ አንሣም ሊሞት ይችላል። ናፍታሊን ለድመትም ለሰውም መርዝ ነው፤ ከረሜላ መስሎት ወደ አፉ የሚያስገባ ልጅ አይጠፋም። በረኪና አፈሩንና ችግኙን ያበላሻል፤ ሽንት ላይ ሲፈስም ከአሞኒያው ጋር ተቀላቅሎ መተንፈሻን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ወንድ ድመት የረጨበትን በርና ግድግዳ በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ጥያቄ (ከጃን ተከል)፦ የምንኖረው በጋራ ግቢ ነው። ድመቷ የአንዲት የእድሜ ባለጸጋ ጎረቤታችን ናት። ቅሬታዬን ባነሣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው ስቀው አለፉኝ። በሕግ መጠየቅ እችላለሁን?

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ለተጫረ የቆስጣ መደብ ፍርድ ቤት መቆም ግን የሚያስወጣዎት ከቆስጣው ዋጋ በላይ ነው፤ በየማለዳው በአንድ በር እየወጡ መኮራረፉም ሌላ ዕዳ ነው። ደግሞም ተረቱን በተረቱበት ነገር ትክክል ናቸው፤ ድመቷ መጸዳዳቷን አትተውም፤ ሊለወጥ የሚችለው ቦታው ነው።

እኔ ብሆን ቅሬታዬን ትቼ ሥራ ይዤላቸው እሄዳለሁ። «እማማ፣ ለድመትዎ መጸዳጃ ልሥራላት» ብለው ከአትክልቱ ርቆ፣ ዝናብ በማይደርስበት የጣሪያ ክፈፍ ሥር፣ ክንድ በክንድ የሆነ ጉድጓድ በአሸዋና በላላ አፈር ይሙሉላት። የራሷን ዓይነ ምድር ጥቂት ወስደው በመጀመሪያው ቀን ቢቀብሩበት ቦታውን ቶሎ ትለምደዋለች። እርሳቸው በየቀኑ የወጣውን በአካፋ አንሥተው ቢያስወግዱ፣ ተሕዋሱ ሰውን ለመያዝ ሳይበቃ ስለሚነሣ ለግቢው ሁሉ ይጠቅማል። መደብዎን በእሾህ የሚከልሉት በዚያው ሰሞን ይሁን፤ የተሻለው ቦታ ክፍት ሆኖ ሳለ የቀድሞው ሲዘጋባት መምረጥ አይከብዳትም። በግቢው ውስጥ አጥንትና ትርፍራፊ ሜዳ ላይ አይጣል፤ የበዓል ሰሞን የአንድ ድመት ግቢ የአምስት ድመት ግቢ የሚሆነው በዚህ ነው።

ጥያቄ (ከከተማው ዳርቻ)፦ የእኛዋ ድመት አትቀብርም። በአንድ ቦታ፣ በድንጋይ ካቡ ሥር፣ ክምር አድርጋ ትተወዋለች፤ ውስጡ የፍሬ ዘር አለበት።

መልስ፦ ድመት አይመስለኝም። ሳይቀብር በአንድ ቦታ እየተመላለሰ የሚከምርና የፍሬ ዘር የሚታይበት ዓይነ ምድር የጥርኝ ምልክት ነው። ድመትዎን ይቅርታ ጠይቀው የዶሮ ቤትዎን በር ከምሽት በፊት ይዝጉ።

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ሌላ አንባቢ)፦ የድመቱን ዓይነ ምድር ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ብጨምረውስ?

መልስ፦ ለሚበላ አትክልት ከሆነ አይጨምሩት። በቤት የሚዘጋጅ ኮምፖስት ሁሉም ክፍሉ እኩል ስለማይግል የተሕዋሱንና የወስፋቱን እንቁላል ለመግደል አያስተማምንም። በፕላስቲክ ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱት፤ አለዚያም ከአትክልቱና ከውኃ ጉድጓድ ርቀው በጥልቀት ይቅበሩት።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ባለቤት የሌላት ድመት ቆርቆሮው ሥር አራት ግልገሎች ወልዳለች። ሁሉም አድገው ጓሮዬን ከመውረሳቸው በፊት ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የድመት እርግዝና 2 ወር ገደማ ብቻ ነው፤ ሴቷ ግልገል ከተወለደች ከ4 ወይም ከ5 ወር ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እናቲቱም እነዚህን ጡት ሳታስጥል እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ግልገሎቹን አሁን ወስዶ መጣል ጭካኔ ከመሆኑም ሌላ እናቲቱን ለሌላ እርግዝና ከማፋጠን በቀር የሚፈይደው የለም። 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው አይጥ ላስቸገራቸው ቤቶች ያከፋፍሏቸው፤ እህል የሚያከማች ነጋዴ ድመት ሲሰጡት እምቢ የሚል አይመስለኝም።

እናቲቱን ማስመከን ዘላቂው መንገድ ነው። በከተማችን የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ቀዶ ሕክምናውን ማን እንደሚሠራና ክፍያው ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የግቢው ሰዎች ወጪውን ቢካፈሉት ለአንድ ሰው አይከብድም። የመከነች ድመት ቦታዋን ይዛ ስለምትቆይ ሌሎች ድመቶችን ታርቃለች፤ አይጥ መያዟንም አትተውም። ወንዱም ከተመከነ መዞሩና ሽንት መርጨቱ ይቀንሳል።

ስትያዝ በባዶ እጅ አይሁን። ምግብ ያለበት ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ ራሷ እንድትገባ ማድረግ፣ ካልሆነም ወፍራም ጋቢ ጥሎ መጠቅለል ይሻላል። ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም መድኃኒት አይገኝለትም። ስትመለስ ቁስሏ እስኪደርቅ ድረስ በደረቅና በተዘጋ ክፍል ለጥቂት ቀናት ያቆዩአት፤ ግልገሎቹ ገና ካልተበተኑ ቀዶ ሕክምናው ጡት እስኪተዉ ይቆይ።