ካስቀመጣት 3 ቀኗ ነው፤ «ግግ ነው፣ ይውጣላት» ይሉኛል

ጥያቄ፦ የ14 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ካስቀመጣት ዛሬ 3ኛ ቀኗ ነው፤ በቀን 6 እና 7 ጊዜ ውሃ ውሃ ነው የሚወጣት። ድዷ አብጧል፣ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። አማቴ «ግግ ነው፣ ይውጣላት» ይላሉ፤ በሰፈራችን ድድ ቆፍረው የሚያወጡ ሴትዮም አሉ። እኔ ከፋርማሲ የፍላጅል ሽሮፕ ገዝቼ ጀምሬላታለሁ፤ ጡትም ወተትም ቀንሼባታለሁ። ወንበር እየያዘች መራመድ ጀምራ ነበር፣ አሁን ተወችው። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ በተቅማጥ ሞቶባታል። ጥርሷ እስኪወጣ ልጠብቅ ወይስ ግጉን ላስወጣው? (ከአዳማ)

መልስ፦ የጎረቤትዎን ልጅ በአንድ መስመር ብቻ ነው ያነሱት፤ እንቅልፍ የነሳዎት ግን እሱ ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው በአብዛኛው ውሃውንና ጨውን ከሰውነቱ አሟጦ ነው። ይህ ደግሞ በጊዜ ከተጀመረ እቤት ውስጥ በማንኪያ የሚተካ ነገር ነው። ልጅዎ እየጠጣች፣ እየሸናችና እርስዎን እያየች ካለቀሰች ገና ጊዜ አለዎት።

አሁን ይህን እያነበቡ ሆዷን ይግለጡ። በእምብርቷና በጎኗ መሐል ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ብርጭቆ ስታይ እየተስገበገበች የምትጠጣ ከሆነ ውሃ አጥሯታል፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ፈዝዛ ከተኛችብዎትና መጠጣት ካቃታት፣ የጠጣችውን ሁሉ የምታስመልስ ከሆነ፣ ሰገራዋ ላይ ደም ካዩ ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸናች ሌሊትም ቢሆን ይዘዋት ይውጡ፤ «ይንጋ» አይበሉ።

ወደ ግጉ ልመለስ። አያስቀምጣትም። ጥርስ ሲወጣ ለሃጭ ይበዛል፣ ድድ ያሳክካል፣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ሙቀቷም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። በቀን 7 ጊዜ ውሃ የሚያስወጣ ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጣም፤ 38 እና ከዚያ በላይ ትኩሳትም አይመጣም። ታዲያ ለምን ይገጣጠማሉ? ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ልጅ መሬት ለመሬት የሚድህበት፣ ጫማውንም የወደቀ ዳቦውንም ወደ አፉ የሚወስድበት፣ ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው መከላከያ የሚያልቅበት ዕድሜ ነው። የሚያስቀምጣት በእጇና በምግቧ የገባው ተሕዋስ ነው። ጥርሱ በዚያው ሰሞን ስለወጣ ብቻ ጥፋተኛ ተደረገ።

አማትዎ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግጉ ወጥቶላቸው የዳኑ ልጆች አይተዋል። እነዚያ ልጆች ግን ባይነኩም ይድኑ ነበር፤ አብዛኛው ተቅማጥ በሳምንት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ያልዳኑትን ደግሞ «ዕድሜው አጭር ሆኖ ነው» ብለን ቀብረናቸዋል። ከጨቅላ ድድ ውስጥ ተቆፍሮ ወጥቶ «ይኸው ትሉ» ተብሎ ለእናት የሚታየው ነጭ ለስላሳ ነገር ምን እንደሆነ ልንገርዎት፦ ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ እምቡጥ ነው። ሕመም አይደለም፣ ትልም አይደለም፣ የልጁ ጥርስ ነው። በወስፌ ወይም በቢላ ጫፍ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል፤ ልጁ አድጎ ክራንቻው ሳይበቅል ወይም ተጣሞ በቅሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ይህም ቀላሉ ጉዳት ነው። የማይቆም መድማት አለ፣ ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ የሚገድላቸው አሉ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ በዚያው ስለት ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገር ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ አለ። ውሃ ያጠራት ልጅ ላይ ደም ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ ያስቡት። እምቢ ይበሉ። አማትዎ ቢቀየሙዎትም እምቢ ይበሉ። ሴትዮዋ «በአልኮል አጸዳዋለሁ» ቢሉም እምቢ ይበሉ። የልጅዎ ክራንቻ በአብዛኛው ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይወጣል፤ ማንም ሊረዳው አይገባም።

ስለ ፍላጅሉ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና እቆጣለሁ። ማን አዘዘልዎት? የዚህ ዕድሜ ተቅማጥ በብዛት ከቫይረስ ነው፤ ፍላጅል ቫይረስ አይነካም። አፏን ያመርራታል፣ የምግብ ፍላጎቷን ይዘጋል፣ ያስመልሳታል፤ መጠጣት ባለባት ሰዓት ማለት ነው። ሽሮፕ ጀምረውላት ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) የሚለው ቃል በጥያቄዎ ውስጥ አንድ ጊዜም የለም! ሽሮፑን ያቁሙ፤ ሐኪም ሲያያት ግን ጠርሙሱን ያሳዩ። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም።

ኦ አር ኤስና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያገኛሉ። አንዱን ፓኬት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጥብጡት። መለኪያ ካጣችሁ 3 የቢራ ጠርሙስ ውሃ አንድ ሊትር ገደማ ነው። ፓኬቱን ቀንሶ በብርጭቆ መበጥበጥ ጨውን አብዝቶ ይጎዳታል። ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ፣ በማንኪያ ያጠጧት። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቀው ዝግ ብለው ይቀጥሉ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ዚንኩ 20 ሚሊ ግራም ነው፤ በማንኪያ ውሃ አሟምተው በቀን አንድ፣ ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም አያቋርጡ።

ጡቷን አይከልክሏት፤ እንዲያውም ይጨምሩላት። ገንፎ፣ ሙዝ፣ ሩዝ፣ የለመደችውን ሁሉ በትንሽ በትንሹ ትብላ። ለስላሳ አይስጧት።

መራመዱ አያስጨንቅዎት። ጤነኛ ልጅ ብቻውን መሄድ የሚጀምረው ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ የታመመ ልጅ ደግሞ አቅም ሲያንሰው ይቀመጣል። ሲሻላት ወንበሩን ራሷ ትፈልገዋለች።

ሆዷን ቆንጥጠው አይተው ደህና ቢመስልዎትም፣ 3 ቀን ስለሆናትና መድኃኒትም ስለወሰደች ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አማትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ስለ ግጉ ከባለሙያው አፍ ቢሰሙት ከእርስዎ ይሻላል። የክትባት ካርዷንም ይያዙ፤ 15 ወር ሲሞላት ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት አለባት።