እግሩ ላይ ጂፒኤስ ለታሰረበት ወንድምሽ

እህቴ፣ ወንድምሽ አሜሪካ በዋስ ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጂፒኤስ (ያለበትን ቦታ የሚከታተል መሣሪያ) ታስሮበታል፤ ጅማ ያለነው ቤተሰብ ምን እንምከረው ብለሻል። እኛ ጋ ዋስ ሲባል ሰው ወይም ብር ስለሆነ ነገሩ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ቀላል አይደለም።

1. ቻርጅ። አብዛኛው መሣሪያ ከእግር ሳይወልቅ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል መሰካት አለበት። ማታ ተኝቶ እንዳይሰካው፤ ሲገላበጥ ይነቀልና ጠዋት ሥራ መንገድ ላይ ባትሪው ያልቃል። ጅማ መብራት ሄዶ ስልክሽ ቢዘጋ ማንም አይጠይቅሽም፤ እዚያ ግን ባትሪ መጨረስ እንደ ማምለጥ ተቆጥሮ እስር ቤት ሊመልሰው ይችላል። ቁጭ ብሎ፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ ይሰካው።

2. ማሰሪያው። ሲቆረጥ ወይም ሲለጠጥ ወዲያው ማንቂያ ይልካል። ቆዳው ቢቆስል እንኳ ራሱ እንዳያላላው፤ ፎቶ አንስቶ መሣሪያውን ለሚከታተለው ተቆጣጣሪ ይላክ። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚደረግ የሕክምና ምርመራ) ከታዘዘለት አስቀድሞ ይንገራቸው፣ ለቅሶ መድረስም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይሂድ።

3. የሐሰት ማንቂያ፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ምድር ቤት ውስጥ፣ ፎቆች መሃል፣ የብረት መጋዘን ውስጥ ሲግናሉ ይዛባል፤ ሰውየው ሳይንቀሳቀስ ካርታው ላይ መንገድ የተሻገረ ይመስላል። ከተቆጣጣሪው ድርጅት ይደውሉና ይጮኹበታል፣ እሱም በስልክ አስረድቶ ይተወዋል። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው! ከወር በኋላ ዳኛው ፊት የሚቀርበው የማንቂያው መዝገብ ብቻ ነው። ስልኩን እንደዘጋ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበረበትን ቦታና ያናገረውን ሰው ስም ጽፎ በቴክስት ይላክላቸው። የሥራ መግቢያ ሰዓቱን የሚያሳይ ወረቀትና የገበያ ደረሰኝ አይጣል። ክስ ከመጣም ጠበቃው ጥሬውን የቦታ መረጃ ከድርጅቱ ይጠይቅ።

በብዙ ቦታ ለመሣሪያው የቀን ሂሳብ ያስከፍላሉ። ካቃተው ዝም አይበል፤ ጠበቃው አቅም እንደሌለው ለዳኛው በጽሑፍ ያመልክትለት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 በአመክሮ ጉዳይ፣ ያልከፈለው ሰው ለምን እንዳልከፈለ ሳይጣራ አመክሮው ተሰርዞ አይታሰርም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሰው አካል ላይ ጂፒኤስ ማሰር ራሱ ፍተሻ ነው ብሎ ወስኗል። ይህ ማሰርን አይከለክልም፤ ግን ምክንያታዊነቱን ለመሞገትና በሰዓት እላፊ ይተካልኝ ለማለት በር ይከፍታል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን አለው። የፈረመበትን ወረቀት ከጠበቃው ጋር ይየው፤ መረጃው ለፖሊስ እንዲሰጥ የሚፈቅድ አንቀጽም ሊኖርበት ይችላል። እናንተም ከጅማ ስትደውሉ ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ አውሩ፤ ስለ ክሱ አትጠይቁት።