ዲሽና ኤልኤንቢ፦ ለጠየቃችሁን

ጥያቄ፦ ሦስት ቴሌቪዥን ከአንድ ዲሽ ነው የምናየው። ሳሎን ቻናል ሲቀየር መኝታ ቤት ያለው «ሲግናል የለም» ይላል። የተበላሸው ዲሹ ነው ወይስ ሪሲቨሩ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። ችግሩ ኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት ክንዱ ላይ የተሰካው) ባለ አንድ መውጫ ሆኖ ሳለ በስፕሊተር (አንዱን ኬብል ለብዙ በሚያከፋፍል ማያያዣ) መከፋፈሉ ነው። ኬብሉ ምስል ብቻ አያወርድም፤ ሪሲቨሩም በእሱው ትእዛዝ ይልካል። 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው ቨርቲካሉን (በቁመት የሚርገበገበውን ሞገድ)፣ 18 ሲልክ ሆሪዞንታሉን (በአግድም የሚርገበገበውን) ያሳልፋል። ከ11700 ሜጋኸርዝ በላይ (ላይኛው ባንድ) ላሉት ጣቢያዎች ደግሞ 22 ኪሎኸርዝ ምልክት ይጨምርበታል። ስለዚህ ባለ አንድ መውጫው በአንድ ጊዜ ከአራት ክፍል (ቨርቲካልና ሆሪዞንታል፣ እያንዳንዱ በታችኛውና በላይኛው ባንድ) አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁለት ሪሲቨሮች የተለያየ ቮልት ከላኩ ብዙውን ጊዜ 18ቱ ያሸንፋል፤ ቨርቲካል ጣቢያ ሲያይ የነበረው ይጠፋበታል። ሁላችሁም የምታዩት በአንድ ፖላሪቲ (ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል) እና በአንድ ባንድ ያሉትን ብቻ ከሆነ ግን ስፕሊተር አያጣላም። ጎረቤት ቤት ያለ ችግር የሚሠራው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ባለ አራት መውጫ (ኳድ) ይግዙና ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ኬብል ይዘርጉ። ለሁለት ቴሌቪዥን ባለ ሁለት መውጫ (ትዊን) ይበቃል። ኳትሮ ከሚባለው ይጠንቀቁ፤ እሱም አራት መውጫ ስላለው በመልክ ከኳድ አይለይም፣ ግን እያንዳንዱ መውጫ ከአራቱ ክፍል አንዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ነው። ለአፓርታማ፣ ከመልቲስዊች (አራቱን ክፍል ተቀብሎ ለብዙ ሪሲቨር ከሚያከፋፍል ሳጥን) ጋር እንዲሠራ የተሠራ ዕቃ ነው። ቀጥታ ሪሲቨር ላይ ከሰኩት ከጣቢያዎቹ አብዛኞቹን ያጣሉ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «0.1 ዲቢ» (ኤልኤንቢው ራሱ የሚጨምረው የጩኸት መጠን) ደግሞ ብዙ አያማልልዎ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ዲሹ በትክክል መነጣጠሩ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ናይልሳት በሚያይ ዲሽ ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ ጨምሬ ኢትዮሳትን ማግኘት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ መካከላቸው 64 ዲግሪ አለ። ከአዲስ አበባ ሲታይ ናይልሳት ወደ ምዕራብ 36 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ 66 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። ሁለተኛ ሳህን ይተክሉና ሁለቱን በዳይሴክ ማብሪያ (በሪሲቨሩ ትእዛዝ ከአንዱ ዲሽ ወደ ሌላው በሚቀይር ትንሽ ሳጥን) ወደ አንድ ሪሲቨር ያስገባሉ፤ ሜኑ ላይም ለአንዱ ፖርት 1፣ ለሌላው ፖርት 2 ይሞላሉ።

ኢትዮሳትን ከያህሳት (52.5 ምሥራቅ) ጋር በአንድ ሳህን ማየት ግን ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ኤልኤንቢ በጎን ብቻ ሲያስጠጋ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ያህሳት ከኢትዮሳት በስተቀኝ ብቻ ሳይሆን 4 ዲግሪ ተኩል ገደማ ከፍ ብሎም ነው የሚገኘው። ሳህኑ አቅጣጫውን ስለሚገለብጠው ከዲሹ ጀርባ ቆመው ሲያዩ የያህሳቱ ኤልኤንቢ ወደ ታችና ወደ ግራ ይወርዳል። ሁለቱ ሊነካኩ እስኪደርሱ ስለሚቀራረቡ አንገተ ቀጭን ኤልኤንቢ ይምረጡ። መጀመሪያ ኢትዮሳትን አስተካክለው ብሎኑን ያጥብቁ፤ ከዚያ በኋላ ሳህኑን ሳይነኩ ሁለተኛውን ኤልኤንቢ ብቻ እያንቀሳቀሱ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ የኤልኤንቢ ፍሪኩዌንሲ በሚለው ቦታ 5150 ልሙላ ወይስ 9750/10600?

መልስ፦ ሁለተኛውን፣ «ዩኒቨርሳል» የሚለውን። 5150 ለሲ ባንድ ትልልቅ ሳህኖች ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ካቆመ በኋላም ግማሹ ጣቢያ አይመለስም።

መልስ፦ ከባድ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ጊዜ ሁሉም መጥፋቱ የተለመደ ነው። ካባራ በኋላ ሆሪዞንታሎቹ ብቻ ሳይመለሱ ከቀሩ ግን 18 ቮልቱ ኤልኤንቢው ዘንድ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማያያዣው ውስጥ ውኃ ገብቷል፤ ኬብሉ ረጅምና በመዳብ የተለበጠ ብረት ከሆነ ደግሞ ቮልቱ መንገድ ላይ ይደክማል። ሪሲቨሩን ከሶኬት ይንቀሉ፣ የዛገውን ጫፍ ቆርጠው በአዲስ ማያያዣ ይግጠሙ። የመሐሉ ሽቦ ከማያያዣው አፍ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ይውጣ፤ ከዙሪያው መረብ አንዲት ክር እንኳ አትንካው። ኬብሉን ኤልኤንቢው ሥር ወደ ታች ደገን አድርገው ይሰሩት፣ ውኃው እዚያ ላይ ይንጠባጠባል። ሲጨርሱ የሚመለከቱት «ኳሊቲ» የሚለውን መስመር ነው፤ «ስትሬንግዝ» ዲሹ ሌላ ቦታ እያየም ሊሞላ ይችላል።