ከፓርቲ ያፈነገጠ ድምፅ

ጥያቄ፦ አንድ የብሪታንያ የፓርላማ አባል ከፓርቲው ውሳኔ ውጭ ድምፅ ቢሰጥ ወንበሩን ያጣል? የሰጠውንስ ድምፅ ሕዝብ ማወቅ ይችላል?

መልስ፦ ወንበሩን አያጣም፤ የመረጠው ሕዝቡ እንጂ ፓርቲው አይደለምና። ለዚህ ከኬኔት ክላርክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2019 የራሽክሊፍን ሕዝብ የወከሉት እኚህ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የአገር ውስጥ ጉዳይና የገንዘብ ሚኒስትር እስከ መሆን ቢደርሱም፣ በአውሮፓ ጉዳይ ያላቸውን አቋም ለሹመት ሲሉ አልለወጡም። በ1971 አገራቸው የአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚ ወደነበረው የአውሮፓ ማኅበረሰብ እንድትገባ ደግፈዋል፤ በፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ ከኅብረቱ የመውጣት ሂደት እንዲጀመር የቀረበው ረቂቅ ሕግ በሁለተኛ ንባብ፣ ማለትም በጠቅላላ ሐሳቡ ላይ ድምፅ በሚሰጥበት ደረጃ፣ 498 ለ114 ሲያልፍ፣ ከፓርቲያቸው የተቃወሙት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከያዟቸው ሹመቶች ሁሉ ይልቅ ይህ ድምፅ በእኛ ዘንድ ይከብዳል።

ድምፁ ምስጢር አይደለም። ድምፅ መቁጠር ሲያስፈልግ ደጋፊዎች በአንድ መተላለፊያ፣ ተቃዋሚዎች በሌላው ያልፋሉ፤ የእያንዳንዱም ስም በምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ታትሞ ይወጣል።

ፓርቲው ግን መቅጣት ይችላል። በሴፕቴምበር 2019 ያለ ስምምነት ከኅብረቱ መውጣትን ለመከላከል ከመንግሥት ተቃራኒ ድምፅ በመስጠታቸው፣ ክላርክ ከ20 ባልደረቦቻቸው ጋር ከፓርቲው የፓርላማ ቡድን ተባረዋል፤ ወንበራቸውን ግን እስከ ምርጫው ድረስ በግላቸው ይዘው ቆይተው፣ በ2020 ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገብተዋል።